የተደፈነችው ቀዳዳ

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም ቡታጅራ ውስጥ ነው። ወራት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። የማልረሳው መኪና ስለተበላሸ አይደለም። መኪና ይበላሻል፤ እኔም እንጀራ የምበላው በዚያ ነው። የማልረሳው ስሜ በሰው ፊት ስለጠፋ ነው።

ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ መጠገኛ አለችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የወዳደቁ ሞተሮችን እየፈታሁ፣ ስልኬ ላይ እያየሁ፣ ያየሁትን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። የሙያ ወረቀት ስለሌለኝ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። «ያ ዝምተኛው ልጅ አይዋሽም» ብሎ አንዱ ለሌላው ሲነግር ነው ሥራ የሚመጣልኝ።

መምህር ንጉሤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አሮጌ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ አለቻቸው። አንድ ሰኞ ይዘዋት መጡና፣ «ውሃ ትጠጣለች፤ በየቀኑ ሁለት ሃይላንድ እጨምርላታለሁ» አሉኝ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃ ሞላሁ። ውሃ የሚያመላልሱትን ጎማዎች፣ ማኒኮቶዎቹን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩ፤ ማሰሪያዎቻቸውን አየሁ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ለማወቅ የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ዘይቱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅኩና ከሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፌ ሞተሩን አስነሳሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተንበርክኬ ጠበቅኩ። ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ ያረፈችው ከውሃ ፓምፑ ሥር ነው።

ከፓምፑ ሆድ በታች በኩል የክብሪት እንጨት የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው የተዉዋት ናት። ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ፣ ውሃው ፓምፑ ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት በእሷ በኩል ይወጣል። እሷ ስታንጠባጥብ ፓምፑ መቀየር አለበት ማለት ነው። ይህን ለመምህር በትንሽ መስታወት እያሳየሁ አስረዳኋቸው።

«ፓምፑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ ሁለት ቀን ይታገሡኝ። እስከዚያ ከከተማ አይውጡባት፤ ውሃም እያዩ ይጨምሩ» አልኳቸው።

«ሐሙስ ወልቂጤ የጡረታ ጉዳይ አለብኝ እኮ።»

«በሕዝብ መኪና ይሂዱ፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን ቅጭም አድርገው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ከዚያች መኪና ላይ አንዲት ብሎን እንኳን አልፈታሁም።

ፓምፑ በተባለው ቀን መጣ። እሳቸው አልመጡም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዲኤክሷ በአይሱዙ እየተጎተተች በመጠገኛዬ በር አለፈች። ጥቂት ቆይቶ መምህር በእግራቸው መጡ። ወደ ወልቂጤ ሲሄዱ አረቅጥ ሳይደርሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ግሎ ቆሞባቸዋል። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጥሶ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተጣሟል።

«የገደልካት አንተ ነህ!» አሉኝ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው። «ቆማ የማታውቅ መኪና ናት። ነካክተህ መለስክልኝ። ጋሽ ለማ አይቶ ነግሮኛል፤ ሞተሩን ፈታተኸዋል። የሰው ንብረት መማሪያህ ነው እንዴ?»

ጋሽ ለማ በከተማው የታወቁ የድሮ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ያሉት ነገር አይጠየቅም። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ቆመ። ከደንበኞቼ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። እኔ ስናደድ ቃል አይመጣልኝም፤ ጆሮዬ ነው የሚግለው። መምህር የሚሉትን ሁሉ ብለው ሄዱ።

ከፊት ለፊቴ ጁስ የምትሸጠው ዘይነባ ተሻግራ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ለማን አበደርከው? ወላሂ፣ ዛሬ ዝም ካልክ ያበላሸኸው አንተ ነህ ማለት ነው።»

መፍቻዎቼን ይዤ ጋሽ ለማ ግቢ ሄድኩ። መኪናዋ እዚያ ነበረች፤ መምህርም አጠገቧ ቆመዋል።

«ፓምፑን ልፍታው» አልኩ።

«ስልክህ ዲፕሎማ ሰጠህ አሉ» አሉ ጋሽ ለማ። «ቻርጅ ሲጨርስብህ ማንን ትጠይቃለህ?» ሠራተኞቻቸው ሳቁ።

ፓምፑን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ኩሽኔታው ተሰባብሮ ዝገት የቀላቀለ ውሃ አወጣ። ገልብጬ ቀዳዳዋን ፈለግኩ። በቦታዋ ሲልኮን ተለጥፏል። በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ አደረግኩት። ከሥሩ ተቀርጾ የተሰካ እንጨት ነበር።

«ይህን ማን ነው የሰካው?»

ጋሽ ለማ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ መምህር ዞሩ።

«መምህር፣ ‹ፍሳሹን ለሐሙስ ብቻ አቁምልኝ› አሉኝ፤ አቆምኩልዎ። ስሰካው ባትሪ ያበሩልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

መምህር ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ። እኔንም አላዩኝም። ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም መፍቻዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጋሽ ለማ ያቺ ቀዳዳ ለምን እንደተሠራች ላያውቁ ይችላሉ። መምህር ግን ያውቃሉ። በመስታወት አሳይቻቸዋለሁ። መውጫ ያጣ ውሃ የት እንደሚሄድ ደግሞ ከእኔ መስማት የሚያስፈልጋቸው ሰው አይደሉም። አጎንብሰው፣ መብራት ይዘው፣ እያዩ አስደፈኗት። ከዚያ መጥተው እኔን ሰደቡኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ወደ መጠገኛዬ አይደለም፤ ወደ ተከራየሁበት ቤት ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ከበሩ ጀርባ ቆሙ።

«ልጄ፣ ንዴት ነው፤ ይቅር በለኝ። እዚሁ ይቅር።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት መጠገኛዬ በር ላይ ይህንኑ ይበሉልኝ። የሰደቡኝ እዚያ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ?» አሉና ወጡ።

ሰኞ ሙሉ ቀን መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ። እስከ ዛሬ አልመጡም። ስንገናኝ ከሩቅ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ እንደ ድሮው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው የሚኒባስ ሹፌር መኪናው ውሃ እያንጠባጠበበት መጠገኛዬ በር ላይ ቆመ። ኮፋኖውን ከፍቶ ሊያሳየኝ ሲል አብሮት የነበረው ሰው፣ «የመምህሩን መኪና ያቃጠለው ልጅ ይሄ ነው» አለው። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳን አልሞከረም። ሹፌሩ አየት አደረገኝ፤ ኮፋኖውን መልሶ ዘጋና ሄደ።

«ይቅር ብያለሁ» ማለቴ አሁን ያናድደኛል፤ እውነት አልነበረም። የተሰደብኩት አስፋልት ላይ ነው። ይቅርታ የተጠየቅኩት ከበር ጀርባ ነው። ሥራ የሚመጣልኝ ደግሞ በአስፋልቱ በኩል ነው።