የመከታ ድርሻ

እትዬ ደጊቱን የአዲስ ቅዳም ሰው የሚያውቃቸው በእጃቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከሰል ሲያነሱ፣ ከሰል ሲጥሉ ኖረው፣ ጥቁረቱ ጥፍራቸው ሥር ገብቶ በሳሙና ቢሉት በአመድ አልለቅ ብሎ ቀረ። ሲያስቀድሱ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቃሉ። እኔ ግን የማውቃቸው በምላሳቸው ነው። ሻይ ቤቴን ከግቢያቸው የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከሰል ሊጭን የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ዋጋ ላስወርድ ሲል የሚመልሱለትን እየሰማሁ ብቻዬን እስቃለሁ። "ልጄ፣ ከሰሉን ነው የምትገዛው ወይስ እኔን አክስለህ ልትጭነኝ ነው?" ይሉታል። ዋጋ አውርደው አያውቁም።

ከሰው ጋር በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ፤ ከውሻቸው ጋር ግን ጨዋታቸው በአገውኛ ነው። ውሻው መከታ ይባላል። ቀይ ነው፤ አንድ ጆሮው በጠብ የተቀነጠሰ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጆንያ ላይ ተኝቶ ያደገ። "አማርኛ ያላስተማርኩት አውቄ ነው፤ ሌባ መጥቶ እንዳያባብልብኝ" እያሉ ያስቁን ነበር።

ቀልድ ይምሰል እንጂ ሥራው ቀልድ አልነበረም። ከሰሉ የእሳቸው አይደለም፤ ገበሬው አምጥቶ ያራግፋል፣ ሲሸጥ ይከፍሉታል፣ ለእሳቸው የጨውና የበርበሬ ትተርፋለች። አንድ ጆንያ ከጠፋ የሚከፍሉት ከጉሮሯቸው ነው። ዘበኛ ልቅጠር እንዳይሉ በምን አቅማቸው! መከታ ካለ እንቅልፍ አለ፤ መከታ ከሌለ እንቅልፍም ከሰልም የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

የሁለት ሺህ አሥር ጥቅምት ላይ የከብት ሌባ መጣ። ከእትዬ ደጊቱ ግቢ ጀርባ የአበረ በረት አለ። አበረን ዱሮ "አያ" ብዬ አንቱ ነበር የምለው፤ አንቱታውን ከዚያ ሳምንት ወዲህ አንስቻለሁ፣ ቅር ካለው ይበለው! መከታ ሌሊት ጮኸ፣ አጥሩን ዘለለ፣ ሌባው ላይ ሰፈረ። ሌባው በገጀራ ታፋውን ብሎት ሸሸ። ሰው ሲወጣ የበረቱ መዝጊያ ተነቅሏል፤ የአበረ ሁለት በሬዎች እንዳሉ አሉ።

ጠዋት አበረ ሻይ ሊጠጣ መጣና፣ "ሌባው እኮ የመጣው ለከሰሉ ነው" አለ።

"እንዴ! ከሰል ሊሰርቅ የበረት መዝጊያ የሚነቅል ምን ዓይነት ሌባ ነው?" አልኩት።

"ጨለማ ነው፤ ተሳስቶ ነዋ።"

እትዬ ደጊቱ መከታን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሊወስዱት ባጃጅ ጠሩ። ልጁ "ውሻ አልጭንም" ብሎ ደረቀ፤ የሦስት ሰው ሂሳብ እከፍልሃለሁ ሲሉት ግን ውሻው ሰው ሆነለት። ሐኪሙ ይሄይስ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣኝም። ቁስሉን አጠበለት፣ ሰፋለት፣ ከካርድ በቀር አላስከፈላቸውም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"እማማ፣ ይህ ቁስል ማመርቀዙ አይቀርም። የተወሰኑ ቀናት መርፌ መወጋት አለበት" አላቸው። "መድኃኒቱ ግን እኛ ጋ አልቋል። እንጅባራ ካለው መደብር ይግዙና ይምጡ፤ እኔ እወጋዋለሁ። ብቻ ቶሎ ይበሉ፤ መርዙ ደሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም አላደርግልዎትም።"

ወረቀቱን ይዘው፣ ውሻውን እኔ ጋ ጥለው፣ ያኑ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍረው ቆሰበር ገቡ። እንጅባራ ማለት እስካሁን አይሆንላቸውም፤ ለእሳቸው ቆሰበር ነው። ባለመደብሩ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አውርዶ ዋጋውን ነገራቸው። የሦስት ጆንያ ከሰል ዋጋ!

"ልጄ፣ ይሄ ለውሻ ነው እኮ" አሉት።

"ለውሻም ለበሬም ያው ነው እማማ። የውሻ ተብሎ በትንሹ የሚመጣ የለንም።"

"እንግዲያው የውሻዬን ያህል ቀንሰህ ስጠኝ።"

"ከከፈትኩት በኋላ ማን ይገዛኛል? ደግሞ ዛሬ ቢገዙት ይሻልዎታል፤ ዶላር ጨምሯል፣ የሚመጣው ከዚህም ይብሳል።"

"ውሻዬ ዶላር የት አይቶ ያውቃል!" ብለው ጥለውት ወጡ። መውጣታቸውስ ወጡ፤ የት ሊደርሱ?

ተመልሰው ሻይ ቤቴ ሲቀመጡ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ አፍ ሆነባቸው። "በዚህ ብር? ቡችላ እኮ በነፃ ነው! የፈለጉትን ቀለም መርጠው ያመጣሉ!" ይሄን ነገር ዛሬም ስሰማው ደሜ ይፈላል። ቡችላ በነፃ ነው፣ አዎ። መከታ ግን በነፃ አልተገኘም። ስንት ዓመት ከአፋቸው እየነጠቁ ያጎረሱት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እያልን እንተርታለን፤ ሲጮህልን ለኖረው ግን አንዲት መርፌ በዛችበት።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ደጊቱ ቀና ብለው፣ "ዘውዴ፣ በሬ ለብቻው መግዛት የማይችል ሰው ለፋሲካ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

"ቅርጫ ይገባል።"

"ታዲያ መድኃኒቱስ?"

እውነትም! የአበረን አንዱን በሬ ቀንበር ትከሻውን ልጦታል። ከመንገዱ ማዶ ወተት የምትሸጠው ፋና ደግሞ ላሟ ጡቷ አብጦባት ስታማርር ሰንብታለች። ይሄይስን ብንጠይቀው፣ "ለሦስቱም ይሆናል፣ ይበቃልም" አለን። ሦስት ቤት፣ በየቤቱ የአንድ ጆንያ ዋጋ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አበረም እሺ አለ፣ ፋናም እሺ አለች። በነጋታው ዓርብ ማታ ሻይ ቤቴ ተገናኝተው ብር እንዲያዋጡ ተቀጠሩ። ደስ ብሎኝ ለሁሉም ሻይ በነፃ እቀዳለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ዓርብ መከታ ወጥ ቢያቀርቡለት አሸተተና ተወው። እትዬ ደጊቱ ግን ነገ መድኃኒቱ ሊመጣ ነው ብለው አልተረበሹም። ማታ ሦስቱም መጡ፣ ብሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ መነሳት ነበረብን። ግን ቅርጫ ነዋ! ቅርጫ ያለ ዕጣ አይሆንም። መጀመሪያ የሚወጋው የማን ነው ተባለና፣ ምን ነክቶን እንደሆነ እንጃ፣ ዕጣ ጣልን። አበረ የክብሪት እንጨት፣ ፋና ቁልፍ፣ እትዬ ደጊቱ ፍም የማታህል ከሰል ሰጡኝ። ሲኒ ውስጥ አድርጌ ነቀነቅኩና ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ። ከሰሏ ወጣች።

አበረ ከወንበሩ ተነሳ። "በሬዬ ከውሻ በኋላ? የውሻ ተራፊ ለበሬዬ?"

"ተራፊ ምን አመጣው? መርፌው እንደሆነ ለየብቻ ነው፤ ይሄይስ ነግሮናል። ዕጣ ነው እንጂ!" አልኩት።

"ነገ አገሩ ምን ይለኛል? አበረ ከውሻ ጋር ቅርጫ ገባ ይለኛል!"

እትዬ ደጊቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሺ አበረ፣ መከታ መጨረሻ ይሁን" አሉ። እኒያ ለሹፌር የማይበገሩ ሴትዮ! እኔ አፈርኩላቸው።

"መጨረሻም አይሆንም። መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረብኝም" አለና ብሩን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ፋና አንዴ እሱን፣ አንዴ በሩን አየች። "እኔም ወተት ሻጭ ነኝ እንግዲህ፤ ከውሻ ጋር የታከመች ላም ከተባለ ማን ይገዛኛል?" ብላ እሷም ድርሻዋን ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የእትዬ ደጊቱ ብር ብቻውን ቀረ። ሻዩን ማንም አልጠጣውም፤ ደፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የአይሱዙ ሹፌር ሲመጣ በአጥሩ በኩል ሰማኋቸው። "በፈለግከው ዋጋ ውሰደው፤ ብቻ ብሩን አሁን ስጠኝ" አሉት። ሹፌሩ ራሱ ደነገጠ። ከሰሉን አስጭነው፣ መከታን ለእኔ አደራ ብለው ወደ ቆሰበር በረሩ። ለገበሬው የጎደለውን በኋላ ከየት እንደሚሞሉት ያኔ አላሰቡትም።

ቁስሉ ሸትቷል። ውሻው ትኩሳቱ በእጅ አያስነካም፣ ያቃስታል። ውሃ በመዳፌ ብሰጠው አልቀመሰም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ላባብለው አልኩ፤ ምን ብዬ ላባብለው? አማርኛ አያውቅ፣ እኔ አገውኛ አልችል። ጭንቅላቱን እንደያዝኩለት፣ ዓይኑን በሩ ላይ እንደተከለ ቀረ። ደመ ከልብ ሲባል እሰማ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

እትዬ ደጊቱ ከሚኒባስ ሲወርዱ ጠርሙሱን እንደ እንቁላል በነጠላቸው አቅፈውታል። ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ፣ በአገውኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ ጠርሙሱን ልመልስ ብለው ሄዱ። ባለመደብሩ፣ "አንዴ ከቤቴ የወጣ መድኃኒት አይመለስም እማማ" አላቸው። በሳምንቱ ሁለት ጆንያ ከሰል ተሰረቀ። ያ በነፃ ነው የተባለው ቡችላ ደግሞ መጣላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ማታም ይተኛል።

ኅዳር ሲጋመስ የአበረ በሬ ትከሻው ገማ። መስኩ ላይ ተኝቶ አልነሳ አለ። ክሊኒኩ አሁንም መድኃኒት የለውም፤ ቆሰበርም ቢሄድ አልቋል ተባለ። እየተቅለሰለሰ ሻይ ቤቴ መጣ። "ዘውዴ፣ ያቺ መድኃኒት... አልተከፈተችም አይደል?" አለኝ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አልኩት። "ሂድና ራስህ ጠይቃቸው። እኔን መልእክተኛ አታድርገኝ።"

ይሄማ አያምልጠኝ ብዬ ተከትዬው ገባሁ። እትዬ ደጊቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። አበረ ከመቀመጡ በፊት ብሩን አወጣ፤ የጠርሙሱን ሙሉ ዋጋ።

"ያልተከፈተች ከሆነ..." አለ።

"አልተከፈተችም። አልደረሰችለትም" አሉት። ብሩን ተቀብለው ቆጠሩና ሲሶውን ይዘው የቀረውን መለሱለት።

"ኧረ ሙሉውን ይቀበሉት!" ብዬ ጮህኩ። "በምን ዕዳ ነው? የከሰሉንም ጭምር ይክፈል እንጂ!"

"ሦስት ቤት ነበርን፣ ዘውዴ። ቅርጫ ቅርጫ ነው።" ጠርሙሱን አቀበሉት። "የበሬህን ድርሻ ተጠቀም፤ ፋና የተወችውንም መርቄልሃለሁ። የመከታን ድርሻ ግን አትንካ። ይሄይስ ሲጨርስ እንዲመልስልኝ ንገረው።"

"ለሞተ ውሻ?" አለ አበረ።

"ለሞተ ውሻ።"

ይሄይስ ወግቶ ወግቶ ሲጨርስ ጠርሙሱን መለሰላቸው። ከሥሩ የመከታ ድርሻ ቀርቶበታል። መስኮታቸው ላይ አስቀምጠውታል። አይጠቅምም ጣሉት ብላቸው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት።

አሁን ጥር ላይ ነን። የአበረ በሬ በየጠዋቱ በእትዬ ደጊቱ በር ያልፋል። ዱሮ መከታ እስከ መንገዱ መታጠፊያ እየጮኸ ይሸኘው ነበር፤ አሁን ቡችላው ራሱን አያነሳም። ዛሬም አለፈ። ትከሻው ጠግጎ አዲስ ጠጉር አብቅሏል፣ እየተንጎማለለ ነው የሚሄደው። እትዬ ደጊቱ ከሰል እየሞሉ ነበር፤ እጃቸውን ጆንያው ላይ አሳርፈው እስኪርቅ ድረስ አዩት።

"ዘውዴ" አሉኝ፣ "መድኃኒቱ ደግ መድኃኒት ነበር።"