የመጀመሪያው ጄሪካን

ቱግ ባይ ነኝ። እናቴ «ይህን ቱግታ ከማን እንደወረስሽው እንጃ!» ትላለች፤ ከራሷ መሆኑን ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ሰሞን ደግሞ የምቆጣበት በቂ ምክንያት ነበረኝ።

መንደራችን ከባምባሲ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። የውኃው ታንከር ጉብታው ላይ፣ ቦኖው ደግሞ ታች መንገዱ ዳር ነው። ሴቶቹ ታንከሩ መድረቁን ሳያውቁ ጄሪካን ተሸክመው ይወርዱና ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። አሶሳ ኮምፒውተር ተምሬ ስመረቅ «ከዚህስ እኔ እገላግላቸዋለሁ» አልኩ። ታንከሩ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ገጠምኩ። መሣሪያው በዜሮና በአንድ የተጻፈ መልእክት በሬዲዮ ያለማቋረጥ ይልካል፤ የውኃ ኮሚቴው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ እኔ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ይፈታዋል። ውኃ ካለ፣ ሴቶቹ ከመውረዳቸው በፊት እንዲያዩት፣ መንደሩ መሀል ባለው በዚያ ቢሮ በር ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

አሶሳ፣ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። መንደር ሲገባ አበደ። ታንከሩ ደርቆ መብራቱ በራ፤ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወርዳ ባዶ ጄሪካን ይዛ ተመለሰች። ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ መብራቱ ድርግም አለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ አባቴን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይቺ መብራትሽ ትዋሻለች። እስከ ገበያ ቀን ካልተስተካከለች እኔው ነቅዬ አስረክብሻለሁ» አሉኝ። አንዴ ከነቀሉት ሁለተኛ እንደማያስገጥሙኝ አውቃለሁ። ወላሂ፣ አፈርኩ። ጎረቤቶቿ እናቴን «የልጅሽ መብራት ምን አለች ዛሬ?» እያሉ ሲተርቧት ደግሞ አንጀቴ አረረ።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። ስህተት የለውም፤ ካለም እኔን አልታይ አለኝ። ኮምፒውተሩን ጠርቅሜ ስብሰከሰክ እናቴ «በይ ተነሽ፣ ጄሪካን አሰልፊልኝ። ሁለቱን ይዘሽ ውረጂ፣ የቀረውን አስከትላለሁ። አብሽሪ» አለችኝ።

እኛ መንደር ሰው አይሰለፍም፤ ጄሪካን ነው የሚሰለፈው። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በመጀመሪያው ጄሪካን እጀታ ላይ ጨርቅ ያስራል፤ የቋጠሮው ብዛት የጄሪካኑን ብዛት ይናገራል። ቦኖውን የምትጠብቀው ሴትዮ ቋጠሮውን አይታ የአንዱ ቤት የት እንደሚያልቅ፣ የሌላው የት እንደሚጀምር ትለያለች። የእናቴ ጨርቅ አራት ቋጠሮ ነበረው፤ የደረሰው ጄሪካን ግን ገና ሁለት። ጄሪካኗ ከእኛ ቀጥሎ የተሰለፈው ጎረቤት የራሷን ልታስጠጋ ስትል ሴትዮዋ «ቆይ እንጂ! የእነሱ አራት መች ሞላና?» ብላ መለሰቻት።

ክው አልኩ። ፕሮግራሜ ያቃተው ይኸው ነው! መልእክቱም እኮ መጀመሪያው ላይ ርዝመቱን የሚናገር ቁጥር አለው። ጠረጴዛ ላይ በገመድ ስሞክረው መልእክቱ ሁልጊዜ ሙሉውን ስለሚደርስ፣ ፕሮግራሜ በአንድ ንባብ ያገኘውን ሁሉ አንድ መልእክት ነው ብሎ ይወስዳል። በሬዲዮ ግን አንዳንዱ ግማሹ ቀድሞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቆ ይደርሳል፤ መብራቱ የሚዋሸው ለዚህ ነው። ጄሪካኑን እዚያው ጥዬ ሽቅብ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ያገኘኋት እናቴ «ያ ረቢ፣ ልጄ አበደች!» ስትል ሰማኋት፤ አልቆምኩም።

ፕሮግራሙን ቀየርኩት። አሁን የመጣውን ሁሉ ያጠራቅማል፣ ቁጥሩ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው መልእክት ያቆያል።

የገበያው ቀን ሊቀመንበሩ ፒንሳቸውን ይዘው መጡ። መብራቱ በርቷል። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ጉብታው ሄዱ። መሰላሉን ሲወጡ እናቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛኛለች። የታንከሩን ክዳን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ፤ ሲያወጡት እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። ወረዱና ፒንሳውን ዘረጉልኝ።

«የመሣሪያሽ ገመድ ላልቷል» አሉ። «ነፋስ ሳይጥለው አጥብቂው።»