ለአውራ ጣቴ የገባሁት ዋስትና

ሹሩባ ያስተማረችኝ የአባቴ በቅሎ ናት። ዳባት ሳለን፣ ልጅ ሆኜ፣ ጭራዋን ስጎነጉን እውል ነበር፤ እሷም እግሯን ሳታነሳብኝ ቆማ ታስጨርሰኝ ነበር። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ሰርግ ሲደርስ ራሷን የማትሰጠኝ ሴት ጥቂት ናት።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጭቃ አዳልጦኝ ቀኝ አውራ ጣቴ ወለም አለና ሚዶ መያዝ አቃተኝ። ከዳነም በኋላ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ላገኘሁት ሁሉ፣ "ብሞት እድሬ አለ፤ እጄ ብቻ ቢሞትስ ማን ያነሳኛል?" እላለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ይህን ሰምታ የምታውቃትን የኢንሹራንስ ወኪል ከጎንደር ላከችልኝ። ወኪሏም ለዘመዷ ሰርግ መምጣቷ ስለነበር ሁለት ጉዳይ ይዛ ገባች።

"እትዬ፣ እየሠሩኝ ላስረዳዎት?"

"ደግ፤ እኔ ቤት ሰው የሚያወራው አንገቱን ደፍቶ ነው" አልኳትና በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት።

"ሁለት ዓይነት ውል አለ" አለች ለጉልበቴ። "በርካሹ የምንከፍልዎት ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት ካልቻሉ ነው። በውዱ ግን የራስዎን ሥራ መሥራት ካቃተዎት ይበቃል።"

አማቴ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ። "ርካሹን ያዢ! ሥራ እንደሁ ሥራ ነው" አሉ።

እኔ ግን ቆረቆረኝ። የወኪሏን ራስ ቀኝ ጎን ጨርሻለሁ። ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ አውራ ጣቴን ከመዳፌ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩና ግራውን በአራት ጣት ጀመርኩ። ስጎነጉነው ይፈታል፣ ስይዘው ያመልጣል፤ ላብ በላብ ሆንኩ። ሲመረኝ መስታወቱን ሰጠኋት። ቀኙ የጥሩ ገበሬ ትልም፣ ግራው ከብት የገባበት ገብስ!

"ወይኔ! ሰርጉ እኮ ነገ ነው!"

የታሰረውን ጣቴን አሳየኋት። "በዚህ እጅ ሹሩባ እሠራለሁ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ቆሎስ እሸጣለሁ?"

"ቆሎ... ይሸጣሉ።"

"እንግዲያ ርካሹ ውል ምን ይለኛል?"

መስታወቱን እያየች ሳቋ አመለጣት። "ቆሎ ይሽጡ ይልዎታል።"

አማቴ ሰፌዱን አስቀመጡ። "በይ ውዱን ያዢ! አንቺ ቆሎ ብትሸጪ ገበያተኛ ሳይደርስ ቆርጥመሽ ትጨርሽዋለሽ!"

ውዱ ግን እውነትም ውድ ነበር። ወኪሏ መላ አላጣችም። "ከጉዳቱ በኋላ አንድ ወር ሳይሆን ሦስት ወር ጠብቀው መቀበል ከቻሉ፣ በየወሩ የሚያዋጡት ይቀንሳል" አለች። አማቴን አየኋቸው።

"ሦስት ወር ጎተራው ይችልሻል፤ ድንችም አለ" አሉ። "ከዚያ ወዲያ ግን ሥራ ፈትተሽ ስታወሪ መዋልሽን እኔም አልችለው።"

በዚሁ ተስማማን። ከመፈረሜ በፊት ሥራዬ የተጻፈበትን ቦታ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ "ሹሩባ መሥራት" ብላ አነበበች።

"ወሬም ጨምሪበት" አሉ አማቴ።

"እሱ ዋስትና አይሻም፣ እማማ፤ ምላሴን ጭቃ አያዳልጠውም።"

ጨርቁን ፈትቼ ጣቴን አላወስኩት፤ ደሙ ሞቅ እያለ ተመለሰ። ግራውን በሙሉ ፈትቼ በሚዶ እንደገና ፈረቅሁት። ወኪሏ ግን አሁንም በሳቅ ትንፈቀፈቃለች፤ ራሷ አልረጋልኝ አለ።

"ተይ አትነቅነቂ" አልኳት። "የአባቴ በቅሎ እንኳ ካንቺ ትሻል ነበር!"