ባልና ሚስት፣ ለአንድ ሰው

ባለፈው እሁድ ቻይና ነበርኩ... ቻይና ስላችሁ ቪዛ ምናምን እንዳታስቡ። ከሰፈሬ ከስካይላይን ተነስቼ በ495 አውራ ጎዳና ግማሽ ሰዓት ነድቼ፣ የቻይና ምግብ ቤት የሞላበት ሮክቪል ማለቴ ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ቻይናን እየዞሩ የመንገድ ዳር ምግብ የሚበሉ ሰዎችን ስልኬ ላይ ሳይ ነው። እነሱ ከተማ ለከተማ ይዞራሉ፣ እኔ በየእሁዱ አንዲት ትንሽ የቻይና ምግብ ቤት እሄዳለሁ። በእንጨት ተሰክቶ በከሙን የተጠበሰ በግ በልቻለሁ። የዶሮ እግር በልቻለሁ... አዎ፣ እግሩን ራሱን። ከሩቅ የሚሸት ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ሞክሬ ግን ግማሹን ትቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር የምሄደው ለምግቡ ብቻ አይደለም። አብሮኝ ይኖር የነበረው ጓደኛዬ አግብቶ ራቅ ብሎ ሄርንደን ከገባ ወዲህ የምበላው ብቻዬን ነው። የኛ ሰው ምግብ ቤት ስገባ «ስንት ናችሁ?» ይሉኛል። «አንድ» ስል ፊታቸው ላይ ብልጭ የምትለውን ነገር አልወዳትም። ከዚያ ለአራት ሰው የሚበቃ ትሪ ፊት እንደተቀመጥኩ የሚያውቀኝ ሰው ይገባና «ምነው ብቻህን?» ይለኛል። ቻይኖቹ ጋ ማንም አይጠይቅም። ሀበሻም አይመጣም... ብዬ ነበር።

እሁድ ዕለት ሜኑው ላይ «ባልና ሚስት» የሚባል ምግብ አየሁ። አልቀለድኩም፣ በእንግሊዝኛ እንዲያ ነው የተጻፈው። የከብት ጨጓራ፣ ምላስና ልብ በስሱ ተቆራርጦ፣ በሚያቃጥል ዘይት ርሶ፣ ቀዝቃዛውን የሚቀርብ ነው። ሚስት የሌለኝ ሰውዬ ባልና ሚስት ለማዘዝ ወሰንኩና አስተናጋጇን ፍለጋ ዞር ስል... ጋሽ ደምሴን አየኋቸው።

ጋሽ ደምሴን አሌክሳንድሪያ፣ ከሰፈሬ ብዙም በማይርቀው ቤተክርስቲያናችን የማያውቃቸው የለም። ሰባ ያለፋቸው፣ ሱፋቸው ሁሌም የተተኮሰ ሰው ናቸው። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ለወሬ ሲቆም እሳቸው «ልጆቼ ለምሳ ይጠብቁኛል» ብለው ቀድመው ይወጣሉ። በዚያው ዕለት እንኳ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ሁሌ በሆዴ እቀናባቸዋለሁ፣ የሚጠብቃቸው ሰው አለ እያልኩ።

አሁን ከኔ አራት ጠረጴዛ ርቀው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አጥፈው ፊት ለፊታቸው ያለው ወንበር ላይ አድርገውታል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሄጄ ሰላም አልኳቸው።

«ኧረ ሄኖክ... ምን እግር ጣለህ?»

«ጓደኛዬን ቀጥሬው ነው ጋሽ ደምሴ። እርስዎስ?»

«ልጆቼ ናቸዋ፣ ዛሬ ቻይና ካልበላን ብለው። ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው።»

ፓርኪንጉን አይቼዋለሁ። የቆሙት ሦስት መኪኖች ናቸው፣ አንዱ የኔ ነው።

ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። አስተናጋጇ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሄደች። «ሴም አዝ ኦልዌይስ?» አለቻቸው፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ወይ ማለቷ ነው፤ ድምጿ ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል። ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛውን እያዩ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥላ ወደኔ መጣችና «ጀስት ዩ አጌን?» አለችኝ፣ ዛሬም ብቻህን ነህ እንደማለት። እኔ ደግሞ ጣራ ጣራውን እያየሁ ምግቡን በጣቴ አሳየኋት። ሁለታችንም ምንም አልሰማንም።

ምግቤ መጣ። እንግዲህ ወግ ነው፣ «እንብላ ጋሽ ደምሴ» አልኩ ከሩቅ።

«ብላ ልጄ፣ ብላ። እኔ ልጆቼ ይምጡ።»

የሳቸውም መጣ። አንጀት ያለበት ሾርባ ነው፣ እንፋሎቱ ከኔ ቦታ ይታያል።

«እንብላ ሄኖክ።»

«ይብሉ ጋሽዬ፣ ጓደኛዬ ደርሷል፣ ልጠብቀው።»

እዩልኝ እንግዲህ... ምግብ ፊታችን አስቀምጠን ሁለታችንም በሩን እናያለን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። አንዴ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ከነከዘራው ገባ። «እነሱ አይደሉም» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

የኔስ ምግብ ድሮም ቀዝቃዛ ነው፣ ቢቆይ ምንም አይሆንም። የሳቸው ሾርባ ግን እንፋሎቱ እያነሰ ሄደ። እጃቸው አንዴ ወደ ማንኪያው ሄደና እኔን አይተው መለሱት። ያኔ ገባኝ። ጠዋት ቆመው ያስቀደሱ፣ እህል ያልቀመሱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ እዚያ እስካለሁ ደግሞ አንድ ማንኪያ አይቀምሱም።

ሳህኔን ይዤ ሄጄ አብሬያቸው ብቀመጥስ አልኩ። ልነሳም ነበር። ግን ምን ልላቸው ነው? ልጆችዎ እንደማይመጡ አውቄያለሁ ልበል? በዚህ ዕድሜያቸው ላሳፍራቸው? የኔስ ጓደኛ የት አለና ነው...

ስልኬን አነሳሁና ማንም ሳይደውልልኝ «ሃሎ... እንዴ፣ እሺ በቃ እኔ እመጣለሁ» አልኩ። ምግቤን ይዤው እንድሄድ በዕቃ ቱ ጎ አስደረግኩት።

«ቀረ እንዴ?» አሉኝ በአጠገባቸው ሳልፍ።

«መኪናው ተበላሽቶበት ነው። ልጆቹን ሰላም ይበሉልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ። እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩና ለቀቁኝ።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ በምግብ ቤቱ መስታወት አየኋቸው። አማተቡ። ከዚያ ሾርባው ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ ቀና ሳይሉ ይበሉ ጀመር። ተመልሼ ልግባ አሰኘኝ፣ የመኪናውንም በር ከፍቼ ነበር። ግን ከገባሁ ማንኪያውን እንደገና ያስቀምጡታል። ዘጋሁት።

ባልና ሚስቴን ጭኔ ላይ ከፍቼ በፕላስቲክ ሹካ ጀመርኩ። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፤ ቅመሙ ምላስ ያደነዝዛል። ግን ከፋኝ። ለሳቸው ብቻ አይደለም የከፋኝ... ከእንግዲህ የምቀናበት ሰው እንኳ የለኝም።

ብቸኛ ናቸው እንዳንባል ብለን፣ ሁለታችንም ለየብቻችን በላን።