ሰማያዊው ጆግና አሥራ አራተኛው ጥያቄ

በአንገት በኩል ገብቶ ልብ አጠገብ የሚደርሰውን የደም ሥር ቱቦ ስለመንከባከብ ያለኝ ዕውቀት «ከፍተኛ» ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ በጥናት ተረጋግጧል። ጥናቱ ሲካሄድ ዋርዱን በሙሉ ያስኮረጅኩት እኔ ስለሆንኩ ውጤቱን በሚገባ አውቀዋለሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ከመካነ ሰላም ተነስቼ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ እመላለስበታለሁ፣ ይኸው ይበቃል። አንድ ጠዋት ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠና ወጣት መጠይቅ ይዞ መጣ። ነርሶች ስለዚህ ቱቦ ምን ያህል ያውቃሉ፣ የሚያውቁትንስ ይሠሩበታል ወይ፣ ነው ጥያቄው። ቱቦውን ከእኛ መሃል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም በሥልጠና ስላይድ ላይ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቢሆንም አናውቅም ብሎ መመለስ ለተማረ ሰው ነውር ስለሆነ ሃያውንም ጥያቄ ልንሞላ ተቀመጥን።

እኔ ደሴ ሄጄ የሁለት ቀን ሥልጠና ስለወሰድኩ የዋርዱ ሊቅ ነበርኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ባልደረቦቼ ከኋላዬ ተደረደሩ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ለኩላሊት እጥበት የገባ ቱቦ ለሌላ መድኃኒት መስጫ ይውላል ወይ ይላል። ሥልጠናው ላይ እዚህ ክፍል ሲደርሱ ምሳ ደርሶ ስለነበር ልቤ ከአስተማሪው ጋር አልነበረም። ቱቦ ቱቦ ነው ብዬ «ይውላል» የሚለውን አከበብኩ። ከኋላዬ አሥራ ሁለት እስክሪብቶ ተከተለኝ፤ አንዷማ እንዳይደበዝዝባት ሁለቴ አከበበችው። ወጣቱ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲያገላብጥ መልሳችን እንዴት እንደሚመሳሰል አድንቆ ነገረን። እኛም አመሰገንነው።

ቀጥሎ ስንሠራ ማየት አለብኝ አለ። ቱቦ ያለው ሕመምተኛ ካልመጣ ምንም አያይም ብለን ተጽናናን። በማግስቱ ከከላላ መጣ።

የመጡት ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ አንድ ሸኽ ናቸው። ከቀናት በፊት ከኩላሊት እጥበት ከደሴ ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀዋል። ቅልጥማቸው ቆስሎ አመርቅዟል፣ ትኩሳትም ይዟቸዋል። ሐኪሙ ሁለት ቀን ተኝተው በደም ሥር መርፌ እንዲወስዱ፣ ከዚያ ወደ እጥበታቸው እንዲሄዱ አዘዘ። ከአንገታቸው በግራ በኩል አንዱ ጫፉ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ቱቦ ወጥቷል። አብራቸው የመጣችው ሚስታቸው የእኔ እኩያ ናት፤ በአንድ እጇ ሰማያዊ ጆግ፣ በሌላው አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱን ሰጠችኝ። ቀና ብዬ «እሺ» አልኳትና ሳላነብ መለስኩላት። እሷ ግን የቀኙ አመርቅዞ መነቀሉን፣ ይህ በግራ የገባው ከተበላሸ ሌላ ቦታ ማግኘት እንደሚቸግር፣ ያለ እጥበት ደግሞ ባሏ እንደማይኖሩ ነገረችኝ። አነጋገሯ ላም እንደምታስረክብ ሰው እርግጠኛ ነበር፤ ለአንዲት ገበሬ ሴት በዛ ብዬ ደስ አላለኝም።

የቱቦውን ፋሻ ልቀይር ስል ቧንቧችን እንደ ልማዱ ውሃ የለውም። ሴትዮዋ ባሏ ለሶላት የሚታጠቡበትን የኡዱ ጆግ አነሳችና እጄ ላይ ታፈስልኝ ጀመር። በጣቶቼ መሃል፣ በጥፍሬ ሥር፣ እስከ አንጓዬ አስታጠበችኝ። ወጣቱ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። እጄን አድርቄ ጓንት ላነሳ ስል ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ፣ እጄም ወደ ኪሴ ሄደ።

«ኡዱሽ ፈረሰ፣ ሲስተር» አለች። «እንደገና።»

ሸኹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ፈገግ አሉ። እንደገና ታጠብኩ። ሻሼን አስተካከልኩ፤ ፈረሰ። መነጽሬን ገፋ አደረግኩ፤ ፈረሰ። አፌን በማስክ መሸፈን እንዳለብኝ ያስታወሰችኝም እሷ ናት። ወጣቱ በታጠብኩ ቁጥር ምልክት ያደርግ ነበር፤ በዚያ ቀን እንደ እኔ የታጠበ ነርስ በአገሪቱም ያለ አይመስለኝም። ያስታጠበኝ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሣጥን ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ አልጻፈውም። ምሳ ሰዓት ላይ አመስግኖን ሄደ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሴትዮዋ ለዙሁር ሶላት ወጣች። እጃቸው ላይ የነበረው የመርፌ መስጫ ካኑላ ተዘግቶ ኖሮ፣ መርፌውን ልሰጥ ሌላ ደም ሥር ብፈልግ አጣሁ። የስንት ጊዜ መርፌ ያደረቀው እጅ ነው። አንዴ ወጋሁ፣ ሁለቴ ወጋሁ፣ ሦስተኛው አበጠ። ሸኹ በወጋኋቸው ቁጥር «አብሽሪ ልጄ» እያሉ ያጽናኑኛል፤ ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሎች አራት ሕመምተኞች ይጠብቁኛል። ያን ጊዜ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቱቦ አየሁ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ከነመልሱ ትዝ አለኝ። አሥራ ሦስት ባለሙያ የተስማማበት ነገር እንዴት ይሳሳታል?

መርፌውን በግራ እጄ ይዤ ቀዩን ክዳን ጨበጥኩ። ሸኹ ዓይናቸውን ጨፍነው መርፌውን ይጠብቃሉ። ሰው የተማረ ይግደለኝ ይላል፤ እኔም ልመናቸውን ልሰማ ተሰናድቼ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ጆጉን ረስታ ኖሮ ለኡዱ ልትወስደው ተመልሳለች። ጆጉን አላነሳችም፣ መጥታ አንጓዬን ያዘች።

«ይኼ የእጥበቱ ብቻ ነው» አለች።

አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ መሆኔን፣ ለዚሁ ጉዳይ ደሴ ሰልጥኜ መምጣቴን ነገርኳት። እጄን ሳትለቅ በሌላ እጇ ከመቀነቷ ወረቀቱን አወጣች።

«እኔ ፊደል የለኝም» አለች። «አንቺ አለሽ። በይ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ደሴ እጥበት ክፍል የጻፉት እንግሊዝኛ አጭርና ግልጽ ነበር። ይህ ቱቦ ለኩላሊት እጥበት ብቻ ነው፤ መርፌም ግሉኮስም አትስጡበት፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ስለተሞላ ወደ ሰውነት ከተገፋ ሕመምተኛው ሊደማ ይችላል። እያነበብኩ ወደ አማርኛ ስመልስላት ድምፄ እያነሰ ሄደ። ትናንት ሳላነብ የመለስኩት ወረቀት ነው።

«የነገሩኝም ይኼንኑ ነው» አለችና እጄን ለቀቀችኝ።

ክዳኑን ተውኩት። የሰመመን ባለሙያውን ጠራሁት፤ መጥቶ ከእጃቸው ጀርባ ላይ በቀጭን ካኑላ በአንድ ጊዜ አገኘው። ገና ከጅምሩ መጥራት እችል ነበር፤ አልቻልኩም ማለት ስለከበደኝ እንጂ። ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አፍሬ ነበር፣ ግን ከእፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለወጣቱ ደወልኩ። አሥራ አራተኛውን ሁላችንም ተሳስተናል፣ የኮረጁትም ከእኔ ነው አልኩት። መልሶቹ ኮምፒውተር ገብተዋል፣ አይነኩም አለኝ። ደግሞም በአንድ ጥያቄ ብቻ የዋርዱ ዕውቀት ከ«ከፍተኛ» እንደማይወርድ አጽናናኝ። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሞት ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ካርድ አለቀብኝ።

በሦስተኛው ቀን ሸኹ ትኩሳታቸው በርዶ ወደ ደሴ ሊሄዱ ተነሱ። ቱቦው እንደመጣ ንጹሕ ነው። መርቀውኝ፣ በሰው ተደግፈው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ሚስታቸው ወደ ኋላ ቀረችና ጆጉን የአልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቆይላችሁ» አለች። «ትናንት ረስቼው ባልመለስ፣ ማታ ምን ትዪኝ ነበር?»

 ይህን ብላ ባሏን ተከትላ ወጣች።

ከወራት በኋላ የጥናቱን ውጤት የሚገልጽ ምስክር ወረቀት መጣ። ዕውቀት ከፍተኛ፣ አተገባበር በጣም ጥሩ። ኃላፊያችን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በዚያው ሳምንት ለሌላ ሕመምተኛ እጄን ልታጠብ ጆጉን ብፈልግ አልጋው ጋ የለም። ዋርዱን ዞሬ አጣሁት። በመጨረሻ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ከምስክር ወረቀቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ለሚመጡ እንግዶች እንዲያምር የላስቲክ አበባ ሰክተውበታል።

አበባውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና ጆጉን ይዤ ወደ ዋርዱ ተመለስኩ።