«መልእክትዎ ደርሶናል»

ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው የአስተዳደር ቢሯችን የእኔ ሥራ ድረ ገጹ ነበር። ነዋሪው ጥያቄውንና ቅሬታውን ከስልኩ ይጽፍበታል፤ እኛ አንብበን ለሚመለከተው ክፍል እንመራለን። ሥራ ሲጀምር ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን እስከ ትንሿ ኮኪት ከተማ ድረስ አስለፈፍን። ያን ሰሞን እንደኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ኃላፊዬ ጠሩኝና «ድረ ገጹ ለሕዝቡ ምን ያህል እንደ ደረሰ ገምግመህ ሪፖርት አምጣ» አሉኝ። የገባውን መልእክት አገላበጥሁት። አብዛኛው የእኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አስተማሪው ስለ ዝውውር፣ ፖሊሱ ስለ መኖሪያ ቤት ይጠይቃል። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች አንድም የለም። እኔም ሳላፍር «የእርሻ ሠራተኛው ግንዛቤና ፍላጎት የለውም» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ማን ይቀድመኛል።

ሪፖርቱን ላስገባ ስል ያልተረጋገጡ መልእክቶች የሚጠራቀሙበት ክፍል ትዝ አለኝ። ሰው ጥያቄ ሲልክ፣ ባስመዘገበው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይላክለታል። ያን ቁጥር መልሶ ካላስገባ መልእክቱ እዚያው ክፍል ይቀራል እንጂ እኛ ዘንድ አይመጣም። ቀልደኛ ሲበዛብኝ ጊዜ ይህን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ከፍቼው አላውቅም።

ስከፍተው ሞልቷል። ከአንድ ስልክ ቁጥር የተላኩ ሦስት መልእክቶች ላይ ዓይኔ ቀረ። የመጀመሪያው «ከኮኪት ወዲያ እርሻ ላይ ነን። ጓደኛችን ትኩሳት ከያዘው ሰነበተ፣ ሆዱም አብጧል። መኪና ላኩልን» ይላል። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የተላከ ነው፤ «እህል አልቀምስ ብሏል። መኪናው ወጥቷል ወይ?» ሦስተኛው «እየጠበቅን ነው» ብቻ ነው። ይህም ከተላከ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የማላውቀውን ሰው አትሙትብኝ እያልሁ እለምን ነበር። ለኃላፊዬ ነገርኋቸውና በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮኪት ወረድሁ።

የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ስለ መልእክቱ ስጠይቅ አንድ ሾፌር «እኔ ነኝ የላክሁት» አለኝ። ለእርሻው ዱቄትና ውሃ የሚያመላልስ ሰው ነው። እርሻው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ሠራተኞቹ መድኃኒቱንም፣ መልእክቱንም፣ ለአገር ቤት ሰላምታውንም ለሾፌር ነው የሚሰጡት። እሱም ከተማ ሲገባ በገዛ ስልኩ ጽፎ ላከላቸው።

«ስልክ ቁጥር ሙላ ሲለኝ መልእክቱን የሰጠኝን ልጅ ቁጥር ሞላሁ» አለኝ። «ጉዳዩ የእነሱ ነው። በሰው ጉዳይ የራሴን ቁጥር ምን ብዬ አስገባለሁ?»

እዚህ አገር ማንም ቢሆን እንደሱ ያደርጋል። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁት ሰውዬ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። የማረጋገጫው ቁጥር ኔትወርክ ወደማይደርስበት ስልክ ሲላክ ከርሟል።

«ቁጥር አስገባ ሲልህ አላየህም?» አልሁት።

«የምን ቁጥር? ልኬ ሳበቃ እናመሰግናለን፣ መልእክትዎ ደርሶናል አለኝ። ሄጄም ደርሷቸዋል አልኋቸው።»

ያን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። ትሕትና ይሁን ብዬ ከላይ በትልቁ አስቀመጥሁት፤ የማረጋገጫውን ነገር ከሥር በደቃቁ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሲያወራ አልሰማሁትም።

እርሻው ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሠራተኞቹ ከሚያድሩበት ዳስ የስልኩ ባለቤት ወጣ፤ በአነጋገሩ የጎጃም ልጅ ነው። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ከማሳው ዳር ወሰደኝ። ድንጋይ የተከመረበት አዲስ አፈር አሳየኝ። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ ደርሷችሁ ነበር አይደል?» አለኝ። አዎ ብዬ ብመልስለት ደስ የሚለው ይመስል ነበር።

«አልደረሰንም፣ ወንድሜ። ደርሶናል የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማንም አላነበበውም።»

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ በወደድሁ። ድንጋዩን ሲያስተካክል ቆየ።

«ያን ለታ የእርሻው ትራክተር ኮኪት ይወርድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተጎታቹ ላይ ጭድ አንጥፈን አስተኝተነው ነበር። ሾፌሩ ከከተማ ተመልሶ ደርሷቸዋል ሲለን ጊዜ፣ ትራክተር ያንገላታዋል፣ መኪናው እስኪመጣ ይረፍ ብለን አወረድነው።»