ጎማው ክብ እስኪሆን

ሉባባ ሙሀመድሰዒድ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የድሮ ቪዲዮ ለዛሬ ቴሌቪዥን እንዲመች አድርጋ ትቀይራለች። አባቷ እዚያው በር ላይ ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ቸርኬው የተጣመመ ጎማ ሲመጣላቸው ያሽከረክሩታል፤ እሷ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ «እዚህ ጋ ወጣ ብሏል» ትላቸዋለች። ዓይኗ የተሳለው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩን የተማረችው በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ፎቶ ላሳትም ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ከአንበሳሜ መጡ። እትዬ ባንቺአየሁ ባላቸው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አብረዋቸው ያሉት ጋሼ አዘዘ የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው። የእትዬ ባንቺአየሁ ልጅ ወንጌላዊት ልትዳር ነው። አባቷ ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በሰርጓ ዕለት የወላጆቿ ሰርግ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን እንዲታይላት ለምናለች፤ አባቷን ሲራመድ አይታው አታውቅምና። ካሴቱ ሻግቶ ተጥሏል። የቀረው ሌላ ቦታ ተገልብጦ በፍላሽ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ሉባባ ከፈተችው። ሙሽራው አበባ የታሰረበት ብስክሌት እየገፋ ብቅ አለ። አጭር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ፊቱ ድፎ ዳቦ ያህላል።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ አዘዘ። «ወንድሜን ባለ ወፍጮ አስመስለውት አረፉ!»

«ልጄ አባቷን እንዲህ አድርጋ ልቧ ውስጥ ካስቀመጠችው በኋላ ማን ያወጣላታል?» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ።

«አይዞዎት እትዬ፣ ይስተካከላል» አለች ሉባባ። «የድሮው ቴሌቪዥን ስፋቱ አራት ቢሆን ቁመቱ ሦስት ነበር። ያሁኑ ከዚያ ይሰፋል። የገለበጠው ሰው በጎን ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብሎ ምስሉን ለጥጦታል።»

«አራት በሦስት» የሚለውን መረጠች። ሰፊው ሰውዬ ባንዴ ረዘመ፤ ጉንጩ ገባ፣ አንገቱ ቀጠነ።

ጋሼ አዘዘ ከወንበራቸው ተነሡ። «እሱ ነው! ወንድሜ ይሄ ነው! በይ ልጄ፣ ገልብጪልንና እንሂድ፤ መኪና እንዳያመልጠን።»

እኔም የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። ሉባባ ግን ሙሽራውን ትታ ብስክሌቱን ነው የምታየው። ጎኑን ሰጥቶ ሲያልፍ ምስሉን አቆመችና ከመሳቢያዋ ክር አውጥታ ጎማው ላይ ዘረጋች፤ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ እንቁላል ሆኗል።»

«አሁን ጎማውን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ። ጎማው እንቁላል ከሆነ ሰውየውም ልክ አይደሉም። የገለበጠው ሰው ከላይና ከታች ትንሽ ቆርጦ የቀረውን ነው የለጠጠው፤ ስለዚህ አራት በሦስት ሲሆን ያለ ልክ ቀጠኑ።»

«ወንድሜን ከኔ በላይ ልታውቂው ነው እንግዲህ!»

«ወንድምዎን አላውቃቸውም ጋሼ። ክብ ግን አውቃለሁ።»

ስፋቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ክሩን ደጋግማ ዘረጋች። በሁለቱም በኩል እኩል ሲመጣላት ምስሉን ለቀቀችው። ሙሽራው ረጅም ነው፤ ግን ትከሻ አለው፣ ጉንጭ አለው። ብስክሌቱን እየገፋ አለፈና ዞር ብሎ ሳቀ።

እትዬ ባንቺአየሁ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። «እንዲህ ነበር የሚዞረው» አሉ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ጋሼ አዘዘ ተመልሰው ተቀመጡ። «ለካ እኔ የያዝሁት የታመመ ጊዜ መልኩን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህም ነበር ለካ።»

አሁን የቀረው የምስሉ ግራና ቀኝ ነበር፤ ባዶው ቦታ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። እትዬ ባንቺአየሁ አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

«የሰርግ ፊልም ከል ለብሶ? ይሄስ አይሆንም ሉባባዬ። ሙሉ አድርጊው።»

«ሙሉ ካደረግሁት ባለቤትዎ ወይ ተመልሰው ይሰፋሉ፣ ወይ አናታቸው ይቆረጣል።» ትንሽ አሰበችና እጇን ዘረጋች። «ነጠላዎን ይስጡኝ።»

«ደግሞ ነጠላዬን ለምን?»

ጥለቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ጥቂት ቆይታ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረች። ጥቁሩ ጠፍቶ አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች ወርዷል፤ ሙሽራው በመካከሉ ብስክሌቱን ይገፋል።

«እልል በይ እንጂ!» አሏቸው ጋሼ አዘዘ እትዬ ባንቺአየሁን። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ተቀብለው ጥለቱን አንዴ፣ ስክሪኑን አንዴ አዩ። «ልጄ ይሄን ትየው» አሉ።

ሉባባ ፍላሹን ነቅላ ሰጠች። «አንድ ነገር አደራ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ባለሙያ ስክሪኑን ልሙላ ብሎ እንዳይለጥጠው። ከተጠራጠራችሁ ጎማውን እዩ።»

ጋሼ አዘዘ ፍላሹን ደረት ኪሳቸው ከትተው ቆለፉበት። «እኔ ራሴ አጠገቡ እቆማለሁ» አሉ። «ከምግቡ በፊት ጎማውን ነው የማየው።»